ጋስቶን አኩሪዮ የማንንም ድስት አልነጠቀም

ሰሞኑን ስለ ፔሩዊው የምግብ ባለሙያና የሬስቶራንት ባለቤት ስለ ጋስቶን አኩሪዮ በአማርኛ የተጻፈ ረዘም ያለ ሐተታ አነበብሁ። አቅራቢው ብዙ አንብበው የጻፉ መሆናቸው ያስታውቃል፤ ስለ ሌላ አገር ወጥ ቤት በቋንቋችን እንዲህ በስፋት መጻፉም የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም በሰውየው የሙያ ሕይወት ላይ አምስት ክሶች አቅርበዋል። የመጀመሪያው የባለሥልጣን ልጅ በመሆኑ ብቻ እዚህ ደረጃ ደረሰ የሚል ነው። ሁለተኛው የድሃ ሴቶችን ምግብ ወስዶ፣ ስሙን ለውጦ ለሀብታም ሸጠ ይላል። ሦስተኛው በውጭ አገር የከፈታቸው ቤቶች ከሽፈዋል፣ አራተኛው ስለ ገበሬ ብዙ ቢያወራም ለገበሬው ጠብ ያለለት ነገር የለም የሚሉ ሲሆኑ፣ አምስተኛው ደግሞ ምድጃውን ትቶ ነጋዴ ሆኗል የሚል ነው። እኔ በሰሜን ቨርጂኒያ ሬስቶራንቶች ውስጥ ለብዙ ዓመታት ከፔሩ ልጆች ጋር አንድ ምድጃ ተጋርቼ የሠራሁ ሰው ነኝ። በዚህ አካባቢ የእኛ ምግብ ቤትና የፔሩ የዶሮ ጥብስ ቤት ግድግዳ ተዋስነው ማየት የተለመደ ነው። ከክሶቹ አንዱ በከፊል እውነት ያለው፣ ሌሎቹ ግን ከታወቀው ታሪክ ጋር የማይገጥሙ ስለመሰለኝ በየተራ ልመልስ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ክሶቹ ከመግባቴ በፊት አንድ እርማት አለኝ። ሐተታው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «የላቲን ምግብ» እያለ የሜክሲኮን፣ የፔሩንና የአርጀንቲናን ገበታ እንደ አንድ ይቆጥራል። የሜክሲኮ ማዕድ መሠረቱ በኖራ ውሃ ተቀቅሎ የተፈጨ በቆሎ ነው፤ የአርጀንቲና ሥጋና እሳት ነው፤ የፔሩ ደግሞ ድንች፣ ዓሣና አሂ የሚሉት ቃሪያ ነው። አኩሪዮ ዕድሜውን ሙሉ ሲሟገት የኖረው የፔሩ ምግብ በራሱ ስም እንዲጠራ በመሆኑ፣ እሱን በጅምላ ስም መጥራት ገና ከጅምሩ ሥራውን መሳት ነው።

የመጀመሪያው ክስ የአባት ነገር ነው። በ1967 በሊማ የተወለደው የአኩሪዮ አባት ሚኒስትርም ሴናተርም የሆኑ የታወቁ ፖለቲከኛ እንደነበሩ ማንም አይክድም። ነገር ግን አባትየው ልጃቸው የእሳቸውን የፖለቲካ ፈለግ እንዲከተል ሕግ ይማር ብለው ወደ ማድሪድ ሲልኩት፣ እሱ ሕጉን ትቶ ወደ ምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤት ገባ፤ ቤተሰቡም ነገሩን ያወቀው ዘግይቶ ነው። ከዚያ በፓሪስ ኮርዶን ብሉ በተባለው የምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤት ሲማር ጀርመናዊቷን የጣፋጭ ምግብ ባለሙያ አስትሪድ ጉቼን አገኘ፤ ተጋብተውም ወደ ሊማ ተመለሱ። በ1994 በሚራፍሎሬስ ሰፈር «አስትሪድ ኢ ጋስቶን» የተባለውን ቤት የከፈቱት ከዘመድና ከወዳጅ በተበደሩት ገንዘብ ነው። ለአንድ ወጣት እንዲህ ያለ ገንዘብ ማበደር የሚችል ዘመድ ያለው ደግሞ የደላው ቤተሰብ ልጅ ብቻ ነው፤ ይህን ለጸሐፊው ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ።

ጸሐፊው ያልጻፉት ግን ያን ጊዜ ሊማ ምን ትመስል እንደነበር ነው። በ1990 የፔሩ የዋጋ ንረት በዓመት ከ7,000 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። በሐምሌ 1992 «አብሪው ጎዳና» የተባለው የሽምቅ ድርጅት በዚያው በሚራፍሎሬስ በታራታ መንገድ ላይ በመኪና የተጫነ ፈንጂ አፈንድቶ 25 ሰዎች ገድሏል። ሬስቶራንቱ የተከፈተው ከዚህ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ከታራታ ጥቂት መንገዶች ራቅ ብሎ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉ ገንዘቡን ወደ ማያሚ በሚያሸሽበት ዘመን፣ የሀብታም ልጅ ብድር ወስዶ በዚያ ሰፈር ጠረጴዛ መዘርጋቱ በአባት ስም ብቻ የሚገለጽ አይደለም።

እግረ መንገዴን፣ በሐተታው ውስጥ የአስትሪድ ስም አንድ ጊዜ እንኳ አለመነሳቱ በጣም አሳዝኖኛል። በቤቱ ሰሌዳ ላይ ቀድሞ የተጻፈው የእሷ ስም ነው። የጣፋጩን ክፍል የመሠረተችው እሷ ናት፤ የፔሩን የካካዎ ዝርያዎች ፍለጋ ገበሬዎቹ ድረስ የሄደችውም እሷ ናት። ስለ አኩሪዮ ሙያ ጽፎ እሷን መዝለል ግማሹን ታሪክ መተው ነው።

ሁለተኛው ክስ ከሁሉም የከበደው ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። አዎን፣ «አስትሪድ ኢ ጋስቶን» ሲከፈት የፈረንሳይ ምግብ ቤት ነበር። በዚያን ጊዜ የሊማ ባለጸጋ ቤቱ ውስጥ የሚበላውን የአገሩን ምግብ ውጭ ወጥቶ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ እበላለሁ ብሎ አያስብም ነበር፤ ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ባልና ሚስቱ ዓመት በዓመት ቅቤውንና ክሬሙን እየቀነሱ በምትኩ አሂውን፣ ድንቹንና የወደቡን ዓሣ አስገቡ። የፔሩ ወጥ መነሻው ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና የተፈጨ አሂ አብሮ በዘይት እስኪበስል የሚቁላላበት አዴሬሶ የሚሉት ነው፤ የእኛ ቁሌት ማለት ነው። ይህ ቁሌት ነው ፈረንሳይኛ በሚናገረው ወጥ ቤት ውስጥ ቀስ በቀስ ቦታውን የያዘው።

ይህን መንገድ የጀመርሁት እኔ ነኝ ብሎ እንደሆነ ክሱ ትክክል በሆነ ነበር። አላለም። በ1980ዎቹ በርናርዶ ሮካ ሬይ የተባለው ጋዜጠኛና ኩቾ ላ ሮሳ የተባለው ባለሙያ ኪኑዋ የሚሉትን የተራራ እህል፣ የላማ ዘመድ የሆነውን የአልፓካ ሥጋና የተራራውን ሥራሥር ወደ ሬስቶራንት ገበታ ለማምጣት «ኖቮአንዲና» የተባለ እንቅስቃሴ ጀምረው ነበር። የጃፓን ተወላጁ ኡምቤርቶ ሳቶ፣ የአፍሪካ ዝርያ የሆኑት ቴሬሳ ኢስኪዬርዶም ከእሱ በፊት በየምድጃቸው የከበሩ ነበሩ። የአኩሪዮ ሥራ እነዚህን ተበታትነው የነበሩ ምድጃዎች ለአገሩ ሕዝብ ማሳየት ነበር። በቴሌቪዥን ፕሮግራሙ ማይክሮፎኑን ይዞ የሄደው ወደ ታላላቅ ሆቴሎች ሳይሆን ገበያ ውስጥ ወዳሉ ምግብ ሻጮችና በየሰፈሩ ወዳሉ ትናንሽ ቤቶች ነው።

ስም ለወጠ የሚለው ደግሞ እውነታው ተገልብጦ የቀረበ ነው። በ2005 የከፈተውን የባሕር ምግብ ቤት «ላ ማር ሴቢቼሪያ» አለው፤ ሴቢቼሪያ የሚባለው ሴቢቼ፣ ማለትም በሎሚ የተሸ ጥሬ ዓሣ፣ የሚሸጥበት ለምሳ ብቻ የሚከፈት ተራ የሰፈር ቤት ነው። የቡናና የምሳ ቤቱን «ታንታ» አለው፤ በኬችዋ ቋንቋ ዳቦ ማለት ነው። በኩስኮና በአሬኪፓ የከፈታቸውን «ቺቻ» አላቸው፤ ይህ እንደ ጠላ ተጠምቆ የሚጠጣ የበቆሎ መጠጥ ስም ነው። በ«ፓንቺታ» የሚቀርበው የበሬ ልብ ጥብስ እዚያም አንቲኩቾ ነው የሚባለው። በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ጌቶቻቸው የናቁትን የሆድ ዕቃና ልብ ጠብሰው የፈጠሩት ነው እየተባለ ታሪኩ ሳይደበቅ ይነገራል። ስም በመለወጥ የምንወቀስ ካለን ሽሯችንን በምግብ ዝርዝር ላይ «የሽንብራ ሾርባ» ብለን የጻፍን እኛ ነን። በዚህ ነገር ከሰውየው የምንማረው እንጂ የምንከሰው የለንም።

ምግቡ የማን ነው የሚለውን ጥያቄ በቅርብ ያየሁት በአንድ የሥራ ባልደረባዬ እጅ ላይ ነው። የካያኦ ወደብ ልጅ ነው። ሴቢቼ ሲሠራ ቀይ ሽንኩርቱን እንደ ክር አቅጥኖ ይከትፍና በበረዶ ውሃ ያጥበዋል። ዓሣውን በአውራ ጣት ልክ ይቆርጥና መጀመሪያ ጨው ብቻ ነስንሶ ያሸዋል፤ ከዚያ ቃሪያውንና የድንብላል ቅጠሉን ይጨምራል። ሎሚውን ከላይ በእጁ ይጨምቃል፤ አሟጦ ግን አይጨምቀውም፤ ብዙ ከተጨመቀ የልጣጩ ምሬት ይወጣል። ሁለት ቁራጭ በረዶ ጣል አድርጎ ያማስልና በረዶውን አውጥቶ ይጥላል። ከጎኑ የተቀቀለ ስኳር ድንችና ካንቻ የሚሉትን የበቆሎ ቆሎ ያደርጋል። ከጨው እስከ ሳህን አምስት ደቂቃ አይሞላም። አያቱ ግን ዓሣውን ለረጅም ሰዓት በሎሚ ዘፍዝፈው፣ ነጭ እስኪሆንና እስኪደርቅ ይጠብቁ እንደነበር ነግሮኛል። ዓሣው ጥሬነቱን ሳይለቅ ወዲያው እንዲበላ ያስለመዱት ከ1899 ጀምሮ ወደ ፔሩ የገቡት የጃፓን ስደተኞች ልጆች ናቸው ይባላል። ሎሚውና ሽንኩርቱ ከስፔን መርከብ ወረዱ፤ ቃሪያው የምድሩ ነው። ታዲያ ከእነዚህ እጆች ሁሉ የተነጠቀው የትኛው ነው? አኩሪዮ ያደረገው ይህን ምግብ ከነባለቤቶቹ መተረክ ነው።

በዚህ ክስ ውስጥ በእርግጥ የሚያከራክር አንድ ሳህን አለ፤ እሱም የ«ፔኪኑ ኩይ» ነው። ኩይ በአንዲስ ተራሮች ቤት ውስጥ የሚረባ፣ ከጥንቸል የሚያንስ እንስሳ ነው። በተራራው ለድግስ ሙሉውን ከነራሱ ይቀርባል፤ የሊማ ባለጸጋ ግን የድሃ ገበሬ ምግብ ነው ብሎ ይጸየፈው ነበር። አኩሪዮ ሥጋውን ቆዳው እስኪንኮሻኮሽ አብስሎ፣ ቻይናውያን የፔኪን ዳክዬን እንደሚያቀርቡት በስስ የሐምራዊ በቆሎ ቂጣ ላይ ከሮኮቶ ቃሪያ መረቅ ጋር አቀረበው። ጸሐፊው ይህን ማንነትን መደበቅ ብለውታል። የተራራው ሰው በሙሉው ኩይ እንደማያፍርበት ስለማውቅ የስሜታቸውን ምንጭ እረዳለሁ። ግን ቻይናውያን ከ1849 ጀምሮ በፔሩ የኖሩ፣ ቺፋ የሚባሉ ምግብ ቤቶቻቸው በየመንደሩ ያሉ ዜጎች ናቸው። የከተማው ሰው የለመደውን የቻይና አበሳሰል ለናቀው እንስሳ መጥሪያ አደረገለት። ሰው የተጸየፈውን አንዴ በአፉ ካደረገ በኋላ መልሶ ለመናቅ ይከብደዋል፤ እኔ ሳህኑን የማየው እንዲህ ነው።

የጋሪ ነጋዴ ሴቶችን ከመንገድ አባሯል ለሚለው ደግሞ የወይዘሮ ግሪማኔሳ ቫርጋስ ታሪክ መልስ ይሆናል። እኚህ እናት በሚራፍሎሬስ አንድ የመንገድ ጥግ ላይ በጋሪ ከሠላሳ ዓመት በላይ አንቲኩቾ ሲጠብሱ የኖሩ ናቸው። አኩሪዮ ከባልንጀሮቹ ጋር በ2007 «አፔጋ» የተባለውን የፔሩ የምግብ ጥበብ ማኅበር መሠረተ፤ ማኅበሩም ከ2008 ጀምሮ በኋላ «ሚስቱራ» የተባለውን ታላቅ የምግብ ባዛር አዘጋጀ። በባዛሩ ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ረጅሙን ሰልፍ የሚሰለፈው በነጭ ኮፍያ ሼፎች ፊት ሳይሆን እንደ እሳቸው ባሉ የጎዳና ባለሙያዎች ከሰል ፊት ነበር። ወይዘሮ ግሪማኔሳም ከጋሪው ወርደው የራሳቸውን ቤት ከፈቱ። በዚያው በ2007 ከሊማ በስተሰሜን በቬንታኒያ አሸዋማ ኮረብታ ላይ፣ ፓቻኩቴክ በተባለው የድሆች መንደር፣ በአኩሪዮ ግፊት የምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ክፍያው ከግል ትምህርት ቤቶች በብዙ ያነሰ ነው፤ ተመራቂዎቹም በሊማ ታላላቅ ሬስቶራንቶች ይሠራሉ። ሐተታው ስለዚህ ትምህርት ቤት አንድ ቃል አላነሳም።

ሦስተኛው ክስ ብዙ አያቆየኝም። በ2011 በኒው ዮርክ የተከፈተው «ላ ማር» በ2013 ተዘግቷል፤ እውነት ነው። በኒው ዮርክ ሬስቶራንት ከፍቶ መዝጋት የሚያውቅ ሁሉ ኪራዩ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። በ2008 በሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ዳር የተከፈተው ግን ዘልቋል፤ የዱባዩም በ2023 ተከፍቷል። ካንዱ መዘጋት ተነስቶ ሁሉም ከሽፏል ማለት ትክክል አይደለም።

አራተኛው ክስ የገበሬው ነው፤ ከጸሐፊው ጋር በከፊል የምስማማበትም እዚህ ላይ ነው። አኩሪዮ በ2006 በሊማ በፓሲፊኮ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው የታወቀ ንግግር፣ ፔሩ ጥሬ ዕቃ እየላከች የምትኖር አገር መሆኗ እንዲበቃና ምግቧን እንደ ሥልጡን ሸቀጥ በስሟ እንድትሸጥ ተከራክሯል። ከዚያ ወዲህ «የባለሙያና የገበሬ ኪዳን» የሚል ቃል በአገሩ ተለመደ። በሚስቱራ ታላቅ ገበያ ውስጥ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ገበሬዎች ቀይ፣ ወይን ጠጅና ጥቁር ድንቻቸውን ያለደላላ ለከተማው ሰው ሸጠዋል። ፔሩ ከ3,000 በላይ የድንች ዝርያ ያላት አገር ሆና ሳለ፣ የሊማ ሰው የሚያውቀው ሁለት ሦስቱን ብቻ ነበር።

ሆኖም በ2018 መጀመሪያ ላይ የድንች ገበሬዎች ዋጋው ወደቀብን ብለው መንገድ ዘግተው ነበር። የምግቡ ዝና በዓለም በናኘበት ዘመን ድንች አምራቹ ድንቹን ከዋጋው በታች ከሸጠ፣ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው እሱ ነው። የሬስቶራንቶች ግዥ ከአገሪቱ ምርት ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ከድንች ማሳ አንድ ጆንያ መግዛት የገበሬን ኑሮ አይለውጥም። ኪዳኑ የገባው ቃል ከአቅሙ በላይ ነበር፤ ይህን በግልጽ መናገር ሰውየውን መጥላት አይደለም።

የማልቀበለው ግን የኪኑዋ ዋጋ ወጥቶ መውደቁን በእሱ ላይ መጫናቸውን ነው። የተባበሩት መንግሥታት 2013ን የኪኑዋ ዓመት ብሎ ሰይሞ ነበር። ዋጋውን ሰማይ ያደረሰው የአሜሪካና የአውሮፓ ሸማች ነው። መልሶ የጣለው ደግሞ ዋጋውን አይተው በፔሩ ጠረፍ በመስኖ በብዛት ያመረቱ እርሻዎች ከተራራው ገበሬ ጋር ገበያ መግባታቸው ነው። ይህን አንድ ወጥ ሰሪ አያወጣውም፣ አያወርደውም። በእሱ አቅም ባለው ነገር ግን ድምፁን አሰምቷል። በ2006 የባሕር ሳይንቲስቷ ፓትሪሲያ ማይሉፍ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ለእንስሳት መኖ የሚፈጨው አንቾቬታ የተባለ ትንሽ ዓሣ የሰው ምግብ እንዲሆን ዘመቻ ስትጀምር፣ ምግብ ቤቶቹን ይዞ ተሰልፏል። ፔሩ በ2011 ዘረ መላቸው የተለወጠ ሰብሎችን ለአሥር ዓመት ስታግድም ከደጋፊዎቹ ግንባር ቀደሙ ነበር። እገዳው ኋላ እስከ 2035 ተራዝሟል። ለተራራው ገበሬ የዘር ድንቹ በእጁ መቅረት ከማናቸውም ባዛር የሚበልጥ ጥቅም ነው።

አምስተኛው ክስ ምድጃውን ትቷል የሚለው ነው። «አስትሪድ ኢ ጋስቶን» በ2013 ለመጀመሪያ ጊዜ በወጣው የላቲን አሜሪካ ሃምሳ ምርጥ ሬስቶራንቶች ዝርዝር አንደኛ ወጣ። በ2014 ደግሞ በሊማው ሳን ኢሲድሮ ሰፈር ወደሚገኘው ካሳ ሞሬይራ ወደተባለ ጥንታዊ የርስት ቤት ተዛወረ። በዚሁ ጊዜ አኩሪዮ የዚያን ወጥ ቤት መሪነት ለወጣቱ ዲዬጎ ሙኞስ አስረክቧል። ጸሐፊው ይህን የድካም ምልክት አድርገውታል። በሙያችን ግን ባለቤቱ በዝናው አናት ላይ ቆሞ ማንኪያውን ለሌላ ማስረከቡ እጅግ ብርቅ ነው። በጉልበታቸው እስኪንበረከኩ ምድጃውን ሳይለቁ፣ ከእነሱ በኋላም ቤቱ የተዘጋ ስንት ድንቅ ባለሙያዎች አይቻለሁ፤ የእኛም እናቶች ሙያ ብዙ ጊዜ የቀረው እንዲህ ነው። ቪርጂሊዮ ማርቲኔዝ ቦጎታና ማድሪድ ባሉት የአኩሪዮ ቤቶች የወጥ ቤት አለቃ ሆኖ ሠርቶ፣ ከዚያ በሊማ የራሱን «ሴንትራል» ከፈተ። ይህ ቤት በ2014 በላቲን አሜሪካው ዝርዝር የአለቃውን ቤት ከአንደኝነት አወረደው፤ በ2023 ደግሞ የዓለም አንደኛ ተባለ። በ2025 እዚያው ሊማ ያለው የሚትሱሃሩ ጹሙራ «ማይዶ» ተከተለ። ጹሙራ የአኩሪዮ ደቀ መዝሙር አይደለም፤ የጃፓንና የፔሩን ማዕድ ያጣመረ የሊማ ልጅ ነው። ሁለቱም የመጡት ግን የፔሩ ምግብ ትልቅ ገንዘብ ሊከፈልበት ይገባል ብሎ ከተማው ካመነ በኋላ ነው፤ ያን እምነት ለመገንባት ከአኩሪዮ በላይ የደከመ ሰው አላውቅም።

ሚስቱራ ከ2017 በኋላ አለመካሄዱን ጸሐፊው የሁሉ ነገር ፍጻሜ አድርገው አቅርበውታል። የባዛሩ መቅረት እኔንም ያሳዝነኛል፤ ገበሬውና ከተሜው ፊት ለፊት የሚገናኙበት ሌላ እንደዚያ ያለ ቦታ አልተተካም። ነገር ግን የፓቻኩቴክ ተማሪዎች የተማሩትን ይዘው ወጥተዋል፤ በታኅሣሥ 2023 ዩኔስኮ ሴቢቼን ከነአሠራሩ በሰው ልጅ ቅርስነት መዝግቦታል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ሁለት ነገር ነው። በአራተኛው ክስ ላይ ስለ ድንች ገበሬው የጻፉትን እንዳለ ይተዉት፤ ኪኑዋን የሚመለከተውን ግን ያውጡት። በሁለተኛው ክስ ላይ ሰውየው የጋሪ ነጋዴ ሴቶችን ከመንገድ አባሯል የሚለውን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ያርሙት፤ በቦታው የወይዘሮ ግሪማኔሳ ቫርጋስን ስም ይጻፉበት፣ የአስትሪድ ጉቼንም ስም በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይጨምሩልን።